ሽፋኑ ቢነጣም ይነበባል፦ ስለ መጽሐፍ ይዞታ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ የመጽሐፍ ይዞታ። አሮጌ መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ከሚለው ጀምሮ ገጹ ለቀቀ፣ ሸተተ፣ ረጠበ እስከሚለው ድረስ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርገን ምላሽ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኔና ባለቤቴ በመጽሐፍ ነገር አንስማማም። እሱ ጥጉ የታጠፈ ወይም የሰው ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ማየት አይወድም። እኔ ደግሞ እስከተነበበ ድረስ የተቀደደም ቢሆን ግድ የለኝም። ለመሆኑ የመጽሐፍ ይዞታ ለአንባቢ የሚያመጣው ለውጥ አለ? (ግድ የሌላት)

መልስ፦ አለ፤ ግን ባለቤትዎ የሚያዩት ቦታ ላይ አይደለም። የታጠፈ ጥግ፣ የቀድሞ ባለቤት ስም፣ ፀሐይ ያነጣው ሽፋን፣ የኩባያ ክብ ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ ጠባሳ ናቸው። የደረሰው ደርሷል፤ የዛሬ አሥር ዓመትም ቢያዩት ያው ነው፤ ንባቡንም አያስተጓጉልም።

እርስዎም «እስከተነበበ ድረስ» ሲሉ የዘለሉት ነገር አለ። ዛሬ የሚነበብ መጽሐፍ ሁሉ የዛሬ ዓመት ይነበባል ማለት አይደለም። ሻጋታ፣ ብል፣ የደረቀ ሙጫ፣ አሲድ ያለበት ወረቀት፣ በስኮች የተለጠፈ ገጽ፣ እነዚህ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠበት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሻጋታና ብል እንዲያውም ወደ ጎረቤት መጻሕፍት ይሻገራሉ። ስለዚህ አንድ ጉድለት ሲያዩ ራስዎን መጠየቅ ያለብዎት ጉዳቱ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው ብለው ነው። የቆመውን በርካሽ ይግዙት። የሚሄደውን ግን ወይ ማስቆሚያውን አውቀው ይግዙ፣ ወይ ይተዉት።

ከዚህ ሌላ መጽሐፉን የሚገዙበት ምክንያት ይወስናል። አንዴ ተነቦ ለሚቀመጥ ልብ ወለድ የተሰነጠቀ ጀርባ (ርእሱ የሚጻፍበት ጠባብ ጎን) ችግር የለውም። መዝገበ ቃላት፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍና የትምህርት መጽሐፍ ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው መቆየት ስላለባቸው ከሁሉ በፊት የሚታየው ጥራዛቸው ነው፤ ሽፋናቸው ቢቀደድም ጥራዛቸው ከጠና ይበቃል። በሥዕል መጽሐፍ ላይ የውኃ እድፍ ከባድ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም የተበላሸው ራሱ የሚታየው ነገር ነው። ለፈተና በሚጠና መጽሐፍ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ሃይላይተር ከእድፍ ይብሳል፤ ዓይንዎ ሳይወዱ በግድ ሌላው ሰው ዋና ነገር ብሎ ወዳሰበው መስመር ይሄዳል።

ባለቤትዎ ጉድለት የማየት ዓይን ስላላቸው ከመግዛት በፊት ያለውን ፍተሻ ለእሳቸው ይተዉላቸው። የትኛው ጉድለት እንደማያስፈራ ግን እርስዎ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መጽሐፍ በኢንተርኔት አዝዤ ነበር። «ይዞታው ጥሩ» የተባለው ሲደርሰኝ ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ጠርዙም ቆሽሿል። ተታልዬ ነው? ለወደፊቱ ምን ብዬ ልጠይቅ? በአካል ሄጄ ስገዛስ ምን ምኑን ልይ? (ተማሪ)

መልስ፦ ምናልባት አልተታለሉም። ያገለገለ መጽሐፍ ነጋዴዎች ይዞታን የሚገልጹበት የተለመደ የደረጃ አጠራር አላቸው። ከላይ ወደ ታች «እንደ አዲስ»፣ «ፋይን»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «ፌር»፣ «ፑር» እያለ ይወርዳል። እንደሚያዩት «ጥሩ» ከታች ሦስተኛው ነው፤ ገጾቹ ሁሉ ያሉት፣ ነገር ግን አገልግሎ የጎሰቆለ ተራ መጽሐፍ ማለት ነው። «ፌር» ከሆነ የጽሑፉ ገጾች ሙሉ ናቸው፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ባዶ ወረቀቶች ግን ሊጎድሉ ይችላሉ። «ፑር» ለማንበብ ብቻ የሚሆን ነው። «በጣም ጥሩ/ጥሩ» ተብሎ ከተጻፈ ከእዝባሩ በፊት ያለው የመጽሐፉ፣ ከእዝባሩ በኋላ ያለው ደግሞ በጠንካራው ሽፋን ላይ የሚደረበው ወረቀት ደረጃ ነው። ከእዝባሩ በኋላ ሰረዝ ብቻ ካለ ተደራቢው ወረቀት የለም ማለት ነው።

ደረጃው የሻጩ ግምት ስለሆነ በእሱ ብቻ አይወስኑ። ገጽ ይጎድላል ወይ? የተሰመረበት ወይም የተጻፈበት ስንት ገጽ ነው? ውኃ ነክቶታል? ይሸታል? ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ፎቶ ሲጠይቁም የፊት ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን ጀርባውን፣ የገጾቹን ላይኛ ጠርዝና መካከሉ ላይ ተከፍቶ የሚታይበትን ይላኩልኝ ይበሉ።

በአካል ከሆነ ሦስት ደቂቃ ይበቃዎታል። ሳይከፍቱ የገጾቹን ላይኛ ጠርዝ ይዩ። ሞገድ ከሠራ ረጥቦ የደረቀ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ገልብጠው ከግርጌው በኩል ሲያዩት ጀርባው ቀጥ ብሎ ካልቆመና ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ተደግፎ ወይም ተከፍቶ ብዙ የቆየ ነው፤ ያስጠላል እንጂ ንባብ አይከለክልም። ቀጥሎ መካከሉ ላይ ከፍተው ወደ አፍንጫዎ ያስጠጉት። የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ካለው ያስቀምጡት። ጣፈጥ ያለ፣ ቫኒላ የሚመስል ሽታ ግን ወረቀቱ ሲያረጅ የሚወጣ ነውና አያስፈራም።

የገጽ ቁጥሮቹን በአውራ ጣት እየለቀቁ ይመልከቱ። መጽሐፍ በትልልቅ ወረቀት ታትሞ፣ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ገጽ እየሆነ ታጥፎ ነው የሚጠረዘው። ጉድለቱም በጅምላ ይመጣል፤ 128 ካለ በኋላ 145 ከመጣ አንድ ሙሉ እጥፍ፣ ማለትም 16 ገጽ የለም። አንዳንዴም ከ113 እስከ 128 ሁለት ጊዜ ገብቶ ተከታዩ ይቀራል። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት ስለሆነ አዲስ መጽሐፍ ላይም ያጋጥማል፤ አዲስ ከሆነ ሻጩን ያስለውጡት። ቁጥር የሌላቸው የሥዕል ገጾች ካሉ ደግሞ ከፊት ያለውን የሥዕሎች ዝርዝር አይተው ይቁጠሩ፤ ተቀድዶ የሚወሰደው በመጀመሪያ እሱ ነው። በሁለት ገጾች መጋጠሚያ ውስጥ ቀጭን የወረቀት ቅሪት ካዩም አንድ ቅጠል ተቆርጧል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላቴ ከመካከሉ ገጽ እየለቀቀ ነው። በስኮች ለጠፍኩት፤ ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ያለውም ተነቀለ። በማስቲሽ ልሞክረው? (ያለ መዝገበ ቃላት የማይሆንለት)

መልስ፦ ማስቲሹን ይተዉት፤ ስኮቹንም አይድገሙት። ስኮች ጠንካራ ስለሆነ ገጹን ሲገልጡ ወረቀቱ የሚታጠፈው ስኮቹ ባለቀበት መስመር ላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቅጠል የተነቀለውም በዚህ ጉተታ ነው። ማጣበቂያው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቢጫ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ሲላቀቅ እድፉ ይቀራል። ማስቲሽ ወረቀቱን ያበላሻል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሱፐር ግሉም እንዲሁ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በስቴፕለር መምታት ከሁሉም ይብሳል፤ ሽቦው ይዝጋል፣ መጽሐፉም ከዚያ በኋላ በደንብ አይከፈትም።

መጀመሪያ ጥራዙን ይለዩ። ከጀርባው ጫፍ በኩል አሻግረው ሲያዩ ገጾቹ በትንንሽ እጥፍ ተሰብስበው፣ በየእጥፉ መካከል ክር ከታየዎት የተሰፋ ነው። አንድ እጥፍ በሙሉ ከላላ ክሩ ተበጥሷል፤ ይህ የጠራዥ ሥራ ነው። ክር ከሌለና ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሙጫ ውስጥ የተተከሉ ከሆነ ደግሞ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ ነው፤ የእርስዎ እንደዚያ ይመስላል። ኢቪኤ የሚባለው በሙቀት ቀልጦ የሚቀባ ሙጫ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ብርድ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሚከፈትበት ቦታ ይሰነጠቅና ቅጠሎቹን መልቀቅ ይጀምራል።

የለቀቀው ከአንድ እስከ ሦስት ቅጠል ከሆነ በነጭ ኮላ (ፒቪኤ) ይመለሳል። ሲደርቅ የሚለጠጠውን ዓይነት ይምረጡ። ከቅጠሉ የውስጥ ጠርዝ ላይ አሮጌው ሙጫ ያለበትን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በማስመሪያና በምላጭ ቆርጠው ያንሱ። ይህን ካልቆረጡ ቅጠሉ እስከ ጥራዙ ሥር ስለማይገባ በሌላው ጎን ከሌሎቹ ገጾች ወጥቶ ይቀራል፤ የወጣው ጠርዝ ደግሞ ወዲያው ይቆሽሻል፣ ይቀደዳል። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ቅጠሉ ላይ አድርገው ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲታይ ይሸፍኑትና ኮላውን በቀጭን ብሩሽ፣ እስኪያጣብቅ ብቻ ስስ አድርገው ይቀቡ። ቅጠሉን ቦታው ላይ አስገብተው ከላይና ከግርጌ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተካክሉ። በሁለቱም ጎን ሰም የተቀባ ወረቀት ያስገቡ፣ መጽሐፉን ይዝጉ፣ ክብደት ጭነው 24 ሰዓት ይተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮላው ብዛት ነው፤ የተረፈው ወጥቶ ሦስትና አራት ገጽ አንድ ላይ ያጣብቃል።

የለቀቀው ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ በአንድ መለጠፍ ድካም ብቻ ነው፤ ጀርባውን እንደገና ማጣበቅ ይሻላል። ሽፋኑን አላቀው፣ ከጀርባው ላይ የደረቀውን ሙጫ ፍቀው፣ ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ በጀርባቸው መታ መታ እያደረጉ ያስተካክሉ። በሁለት ጣውላ መካከል አድርገው፣ ጀርባቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ እንዲል፣ ያጥብቁ። ገጾቹን ወደ አንድ ጎን ሲያዘምሟቸው እያንዳንዱ ቅጠል ከቀጣዩ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚያ ላይ ኮላ ይቀቡ፣ ወደ ሌላው ጎን አዘምመው ይድገሙት። እንዲህ ሲደረግ ኮላው በየቅጠሉ ሁለቱም ፊት ላይ ስለሚይዝ ጥንካሬው ጀርባው ላይ ብቻ ከሚቀባው ይበልጣል። ቀጥ አድርገው አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ጀርባው ላይ ጥሩ የጥጥ ጋዝ (ስስ ጨርቅ) በኮላ ይለጥፉና እስኪደርቅ ይተዉት። ሽፋኑ የሚመለሰው ያኔ ነው።

ቀደም ብለው የለጠፉትን ስኮች በጉልበት አይንቀሉት። በፎን በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ትንሽ ካሞቁት በኋላ ከአንዱ ጥግ ጀምረው ወደ ኋላ አጥፈው በቀስታ ይሳቡት። ወረቀቱ መላጥ ከጀመረ ወዲያውኑ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ከ40 ዓመት በላይ የቆዩ ለስላሳ ሽፋን መጻሕፍት አሉኝ። ገጾቻቸው ቡናማ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ስገልጣቸው ጥጋቸው ይቆረጣል። ከዚያ በእጅጉ የሚያረጁ መጻሕፍት ግን ነጭ ሆነው አያለሁ። ለምን? (አሮጌ ወዳድ)

መልስ፦ ዕድሜው ሳይሆን አሠራሩ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው ከጨርቅ ነበር፤ ስለዚህ የ300 ዓመት ወረቀት የሚታጠፍ፣ የማይሰበር ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ከተፈጨ እንጨት ተሠራ፤ ቀለም እንዳይሰርግበትም አልም በሚባል ጨውና በሙጫ ተነከረ። እንጨቱ ውስጥ የሚቀረው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቡናማል። አልሙ ደግሞ አሲድ ያመጣል፤ አሲዱ የወረቀቱን ክሮች ከውስጥ ይቆራርጣቸዋል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ አምራቾች አሲድ የሌለው፣ ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ወረቀት ወደ መሥራት ዞሩ። ዘላቂ ወረቀት ምን ማሟላት እንዳለበት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ 9706፣ የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ምልክቱ በክብ ውስጥ ያለ የተጋደመ 8 ቁጥር ሲሆን በመጽሐፉ የኅትመት መረጃ ገጽ ላይ ይታያል።

ቡናማነቱ ብቻውን አያሳስብ። የሚያሳስበው መሰበሩ ነው። ከኋላ ካለ ባዶ ገጽ ላይ ጥጉን ትንሽ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ያጥፉት። በአንድ ወይም በሁለት ዙር ከተቆረጠ ወረቀቱ ተሰባሪ ሆኗል። እንዲህ ያለውን በሰፊው አይዘርጉት፤ ከ90 ዲግሪ በላይ ሳይከፍቱ ያንብቡ፣ የሚያስፈልግዎትን ገጽም አሁኑኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። አሲዱን ማስወገጃ መንገድ አለ፤ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ያጣውን ጥንካሬ ግን አይመልስም። ቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻለው ጉዞውን ማዘግየት ነው፤ ከፀሐይ ማራቅ፣ ከሙቀት ማራቅ፣ ከጋዜጣ ጋር አለመደራረብ።

ጥያቄ፦ ከዘመድ የወረስኳቸው መጻሕፍት ይሸታሉ። ጥቂቶቹ ላይ ነጫጭ ነጥብ አለ፤ አንዱ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ነጭ ነፍሳት ሲሮጡ አየሁ። በአልኮል ልጥረጋቸው? ወይስ ልጣላቸው? (ወራሽ)

መልስ፦ አይጣሉ፤ ግን ከሌሎቹ መጻሕፍትዎ ዛሬውኑ ይለዩዋቸው።

ነጩ ነጥብ ሻጋታ ነው። በእርሳስ ጫፍ ነካ ያድርጉት። ከተለጠፈና ጥጥ ከመሰለ ሕያው ነው፤ እንደ አቧራ ከበነነ እንቅልፍ ላይ ነው። ሕያው ከሆነ አሁን አይቦርሹት፤ ሲቦርሹት ወደ ወረቀቱ ክር ይገባል። መጀመሪያ ያድርቁት። አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ክፍል ውስጥ አቁመው፣ ገጾቹን ዘርዘር አድርገው ይተዉት። ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው፣ ኤን95 ጭንብልና ጓንት አጥልቀው በለስላሳ ብሩሽ ከገጾቹ መጋጠሚያ ወደ ውጭ ይጥረጉ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይንካው። አልኮል አንዳንድ ቀለም ያፈስሳል፣ ሽፋንም ያበላሻል፤ ደግሞም የሻጋታ ዘር አየር ላይ ሁልጊዜ ስላለ ዛሬ ቢገድሉት ነገ ሌላው ይመጣል። የሚይዘው መድረቁ ነው። ሻጋታ የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ያድጋል፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ዘሩ ቢኖርም አይነሣም። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ መጽሐፍ ብዙ ያለው ሰው ቢኖረው አይቆጭም።

የሚሮጡት ነፍሳት የመጽሐፍ ቅማል የሚባሉት ሳይሆኑ አይቀሩም። ወረቀቱን ሳይሆን በዓይን የማይታየውን ሻጋታ ነው የሚበሉት፤ መኖራቸው ቦታው እርጥብ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ክፍሉ ሲደርቅ ያልቃሉ። ክብ ቀዳዳና አጠገቡ ትኩስ ዱቄት ካዩ ግን ሌላ ነው፤ የጥንዚዛ እጭ ውስጥ አለ። ቀዳዳው ኖሮ ዱቄት ከሌለ የድሮ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ፣ ዱቄት ካልወረደ ነገሩ አብቅቷል። ከወረደ መጽሐፉን በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥተው በደንብ ያሽጉና በቤት ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ከረጢቱን ሳይከፍቱ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ቸኩለው ከከፈቱት የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ወረቀት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ብሉን አጥፍተው ሻጋታ ያመጣሉ።

ብራና ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ግን ይህን አይሞክሩት፤ ብራና እርጥበትና ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ይሸበሸባል። የባለሙያ ጉዳይ ነው።

ሽታው ሻጋታው ከደረቀ በኋላም ይቆያል። ክዳን ባለው ትልቅ ሣጥን ውስጥ መጻሕፍቱን አቁመው፣ በአንዱ ጥግ በሰፊ ዕቃ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ሽታ የሚስብ አክቲቬትድ ካርቦን ያድርጉ። መጻሕፍቱ ላይ አይበትኑት፤ ዱቄቱ ከመጋጠሚያው ውስጥ አይወጣም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሽቶ መርጨት ሁለት ሽታ ያለው መጽሐፍ ብቻ ነው የሚሰጥዎት።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ፈንድቶ 20 ያህል መጻሕፍት ረጠቡብኝ። ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። አሁን ተጣምመዋል፤ የሥዕል መጽሐፉ ደግሞ እንደ ጣውላ አንድ ሆኗል። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ጎርፍ የገባባት)

መልስ፦ የሥዕል መጽሐፉ የሚመለስ አይመስልም። የሚያንጸባርቀው ወረቀት ላይ የተቀባው ሸክላ ሲረጥብ ሙጫ ይሆናል፤ ገጾቹ ተነካክተው ከደረቁ አይላቀቁም። ስለዚህ ውኃ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው፤ ገና እርጥብ እያለ በየገጹ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት ይገባበታል፣ ወይም ወዲያውኑ ወደ ፍሪዘር ይላካል።

ፀሐይ የሚጎዳው ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ነው፤ ሽፋኑ ይሸበሸባል፣ ገጹ ይጎተታል። በፎን ማሞቅም ያው ነው። ጊዜ ያለዎት 48 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ሻጋታ ይጀምራል። ውኃ የሚያንጠባጥበውን አይክፈቱት፤ ዘግተው አቁመው ውኃው ይውረድ። ጠርዙ ብቻ የረጠበውን ዘርዘር አድርገው አቁመው ቬንቲሌተር ወደ ክፍሉ እንጂ ወደ መጽሐፉ ሳያዞሩ ያስነሡ። በየ10 ቅጠሉ ያልታተመበት፣ ውኃ የሚመጥ ወረቀት ያስገቡ፤ ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ በላይ ግን አይጨምሩ፣ ጀርባው ይፈነዳል። ወረቀቱን መጀመሪያ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ይቀይሩ። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይተላለፋል።

መድረቁን በጣት አያምኑ። ገጹን ጉንጭዎ ላይ ያድርጉት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥበት አለው። ትንሽ ብቻ ሲቀረው ዘግተው በሁለት ጣውላ መካከል ክብደት ጭነው ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ ያኔ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። በእጅ ለመድረስ ከበዙብዎ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ጀርባቸውን ወደ ታች አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቧቸው። አይደርቁም፤ ግን ጊዜ ይገዙልዎታል፤ ሁለት ሦስት እያወጡ ያደርቋቸዋል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው? (ኅዳግ ላይ የሚኖር)

መልስ፦ የራስዎ ከሆነ አይደለም። በእርሳስ ያድርጉት፤ ኤችቢ ወይም 2ቢ። ከዚያ የለሰለሰ ይበክላል፣ የጠነከረ ደግሞ ጎድጓዳ ያስቀርና ላጲስ አያጠፋውም። እስክርቢቶ ተጭኖ ወደ ኋላ ገጽ ይታያል። ሃይላይተር ቀጭን ወረቀት ላይ ያልፋል፣ ብርሃን ላይም ይደበዝዛል፤ እድፉ ግን ይቀራል።

ጥያቄ፦ አዲስ መጽሐፍ በሚለጠፍ ፕላስቲክ ልሸፍን? (እናት)

መልስ፦ በማይለጠፍ ይሸፍኑ። የሚለጠፈው ሲላጥ የሽፋኑን ቀለም ይዞ ይወጣል። ተራ ወረቀት ወይም ፖሊስተር ፕላስቲክ ይበቃል፤ ፒቪሲ ግን አይሁን። ከመጽሐፉ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ በርዝመቱ ሁለቱን ሽፋንና ጀርባውን ሸፍኖ 16 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ይቁረጡ። ልኩን መጽሐፉ ተዘግቶ እያለ ይውሰዱ። ተዘርግቶ ከተለካ ሲዘጋ ያጥራል፣ ሽፋኑን ጎትቶ ያጣምመዋል። ስኮች ካስፈለገ የሽፋኑን ወረቀት ከራሱ ጋር እንጂ ከመጽሐፉ ጋር አያገናኙ።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ አጋድሜ እደራርባለሁ። ይጎዳል? (ቦታ ያጠበው)

መልስ፦ ትልልቁን ማጋደም እንዲያውም ይሻላል፤ ሦስት አራት እስከሆነ ድረስ። የሚቆሙት ግን ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አይዝመሙ። ከመደርደሪያ ሲያወጡ የጀርባውን ጫፍ ይዘው አይሳቡ፤ በመጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ጎረቤቶቹን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው መካከሉን ይያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴ ትቶልኝ የሄደው አንድ የድሮ እትም አለኝ። ሽፋኑ ተቀድዷል፣ ጀርባው ላልቷል። አዲስ ጥራዝ ላሠራለት አስቤ ነበር፤ አንድ ወዳጄ ግን ዋጋውን ታጠፋዋለህ አለኝ። (አደራ ያለበት)

መልስ፦ ወዳጅዎ ትክክል ነው፤ መጽሐፉ የመጀመሪያ እትም ወይም ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ከሆነ። እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ላይ የቀድሞው ሽፋን የመጽሐፉ አካል ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ እትሞች ላይማ ከዋጋው አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው የሚደረበው ወረቀት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሳይነኩት አሲድ በሌለው ካርቶን ልኩን ሣጥን ያሠሩለት፤ በጠፍጣፋ የጥጥ ጥብጣብ ማሰርም ይበቃል። ጽሑፉን የሚያነቡት ከሆነ ሌላ ርካሽ ቅጂ ይግዙ።

ብዙ የታተመ፣ በየጊዜው የሚያነቡት መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ያስጠርዙት፤ ከመስጠትዎ በፊት ግን ለጠራዡ በግልጽ ይንገሩት። በመጀመሪያ ጠርዙ አይከርከም። በተለምዶ ለማሳመር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል፤ አባትዎ ኅዳግ ላይ የጻፉት ነገር ካለ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ከጎን አይወጋ። በጎን በኩል ተበስቶ ሲሰፋ ከመጋጠሚያው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይዋጣል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ቃላት ውስጥ ይገባሉ፣ መጽሐፉም እጅ ካልያዘው ራሱ ይዘጋል። ድሮ የተሰፋ ከሆነ በዚያው በየእጥፉ መካከል ይሰፋ። የቀድሞው ሽፋንና የአባትዎ ስም ያለበት ገጽ ቢቀደድም እንኳ አይጣል፤ ከአዲሱ ሽፋን በኋላ መጀመሪያ ላይ አብሮ ይጠረዝ። ጠራዡ ይህን ሁሉ እሺ ካላለ መጽሐፉን ይዘው ይመለሱ።